የማርሲኔል ሟቾች ስም በአማርኛ እንዲነበብ እጃችሁን ዘርጉልን

ወገኖቼ፣ ቤልጅየም ውስጥ ሻርለርዋ ከተማ አጠገብ፣ ማርሲኔል በተባለ ቦታ ስላለው የቧ ዱ ካዚዬ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በአማርኛ የሚደመጥ ታሪክ ለማዘጋጀት ከተነሳን ሰነባበትን። ጽሑፉ አልቋል። የቀረው ቀረጻው ነው፤ የእናንተን እጅ የምንሻውም እዚህ ላይ ነው።

ትረካውን የጀመርነው ከአንድ ሮዝ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጣሊያን 50,000 ሠራተኛ ልትልክ፣ በምትኩ ከሰል ልታገኝ ከቤልጅየም ጋር ተዋዋለች። በጣሊያን ከተሞች ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሮዝ ማስታወቂያ ደመወዙንና የቤተሰብ አበሉን ይዘረዝራል፤ ስለ አደጋው ትንፍሽ አይልም። ከሄዱት ብዙዎቹ ያረፉት የጦር እስረኞች ይኖሩበት በነበረ ሰፈር ነው። እንጀራ ፍለጋ የወጣ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ወረቀት ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1956፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ10 ገደማ፣ 975 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሰል የጫነው ፉርጎ በቅጡ ሳይገባ ሊፍቱ ተነሣ። ወጣ ብሎ የቀረው ፉርጎ አግዳሚ ብረት መታ፤ ብረቱም የዘይት ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንና የአየር ቧንቧውን በጠሰ። ዘይቱ ተቀጣጠለ፣ እንጨቱ ተያያዘ፣ መርዛም ጭስ ጉድጓዱን ሞላው። ከ275 ሰዎች 262ቱ አለቁ። ከ12 አገር የመጡ ነበሩ፤ 136ቱ ጣሊያኖች። ሚስቶችና እናቶች የብረቱን አጥር ይዘው ሁለት ሳምንት ጠበቁ። በመጨረሻ አንድ ነፍስ አድን ሠራተኛ ወጥቶ በጣሊያንኛ «ሁሉም ሬሳ ናቸው» አለ።

ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1967 ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ጸሐፊዎቹም ተርጓሚዎቹም በነጻ ነው የሠራነው። መዋጮው የሚውለው ለስቱዲዮ ኪራይ፣ ለሁለት አንባቢዎችና ለድምፅ አርትዖት ነው። እያንዳንዱን ደረሰኝ ላዋጣ ሰው ሁሉ እናሳያለን። ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት፤ ያላችሁን ላኩልን።

ወጪ እንዲቀንስ የ262ቱን ስም ዝርዝር እንድንተወው የመከሩን አሉ። ምክራቸው ከቅንነት ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ስማቸው ካልተጠራ የምናስታውሰው ቁጥር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ስሞቹ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኮል ይነበባሉ። ገንዘብ ያልተመቻችሁ፣ ጣሊያንኛ ወይም ፈረንሳይኛ የምትችሉ ካላችሁ፣ ከቀረጻው በፊት ከአንባቢዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ አጠራሩን አርሙልን።