መንቀጥቀጡ የመርፌው መርዝ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ባክቴሪያ መርዝና ስለ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ተናድጄ። በግርሻ፣ ማለትም ቅማል በሚያስተላልፈው እየለቀቀ በሚያገረሽ ትኩሳት፣ የታመመ ሰው መርፌ ከተወጋ በኋላ የሚንቀጠቀጠው መድኃኒቱ ስላልተስማማው ነው ብላችኋል። በአንድ መስመር አለፋችሁት! ይህቺ መስመር እኛ ዘንድ ሰው ትገድላለች።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ጎንደር አቋቋም ይማር ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተጣቦ ነው የሚያድረው። ቅማሉም እዚያው ነው። ትኩሳቱ ያዘው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ አገረሸበት። ጤና ጣቢያ ወስደነው ፔኒሲሊን ተወጋ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ፣ ሰውነቱ እሳት ሆነ። ይህ እንደሚመጣ የነገረን ሰው አልነበረም። እኛም "መርፌው መረዘው" ብለን ተሸክመነው ወጣን። እሱስ ተረፈ። ጓደኞቹ ግን ከዚያ ወዲህ መርፌ ፈሩ፤ አንዱ በትኩሳት ሲነድ ከርሞ ሞተ። ላቦራቶሪ ልማር የቆረጥኩት ያኔ ነው።

አሁን ግርሻን የሚያመጣውን ባክቴሪያ፣ ቦሬሊያን፣ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። በቀይ የደም ሕዋሳት መሃል የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ነው። አንዳንዴ ብዛቱ ያስደነግጣል። ፔኒሲሊን ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ያን ሁሉ ባክቴሪያ ባንዴ እየዋጡ ያጸዱታል። ባክቴሪያው ላይ ሊፖፕሮቲን የሚባል ነገር አለ፤ ሕዋሳቱ ይህን በዋናነት ቲኤልአር 2 በተባለው ተቀባያቸው ይለዩትና ቲኤንኤፍ የሚባለውን የብግነት መልእክት በብዛት ይለቃሉ። ብርድ ብርድ የሚያሰኘው፣ ትኩሳቱን የሚሰቅለው፣ የደም ግፊቱንም የሚያወርደው ይኸው ነው። የራሳችን ሕዋሳት ሥራ ነው እንጂ መድኃኒቱ አልመረዘንም።

ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ሽፋን ላይ ስላለው መርዝ፣ ስለ ኢንዶቶክሲን፣ የጻፋችሁት ትክክል ነው። እሱን የሚለየው ቲኤልአር 4 ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳየው ብሩስ ቦይትለር በ2011 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው። ቦሬሊያ ግን ያ ኢንዶቶክሲን የለውም። ታዲያ ስለ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ይህን ያህል ስትተነትኑ የአገራችሁን ጥናት እንዴት ረሳችሁት? እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ጥናት የተሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በ49 የግርሻ ሕሙማን ላይ ነው። ቲኤንኤፍን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ከፔኒሲሊኑ በፊት ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ከመርፌው በኋላ እንዲህ የተንቀጠቀጡት 10ሩ ናቸው። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ደግሞ 26ቱ። መንቀጥቀጡ አለርጂ ቢሆን ኖሮ ቲኤንኤፍን ማገድ ምን ይፈይድ ነበር?

መንቀጥቀጡ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ግፊቱ በጣም ከወረደ ይገድላል። ለዚህ ነው በሽተኛው እዚያው ተኝቶ፣ ግፊቱ እየተለካ፣ ፈሳሽ እየተሰጠው መቆየት ያለበት። እናንተን አንብቦ "አልተስማማኝም" ብሎ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ይህን ሁሉ ያጣል።

ስለዚህ እርማት አውጡ፣ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ቦታ። "ከመርፌው በኋላ ልትንቀጠቀጡ ትችላላችሁ፣ ከጤና ጣቢያው አትውጡ" የምትል አንዲት መስመር ትበቃኛለች። አትሜ በየአብነት ትምህርት ቤቱ የማደርሰው እኔ ነኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከጎንደር