እማዬ፣ የስልኩን ነገር አቡሽ ነግሮኛል

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ስኳርሽስ? ይሄን በቮይስ ልልክልሽ ጀምሬ ተውኩት፣ በቮይስ ሲሆን ስለልጆቹ ስናወራ ዋናው ነገር ሳይነሳ ያልቃል። ስለዚህ በኮምፒውተር ጽፌ ለአቡሽ በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ ፊደሉን ትልቅ አድርጎ ፕሪንት ያደርግልሻል። መነጽርሽን አድርገሽ ቁጭ ብለሽ ራስሽ አንብቢው፣ ላንብብልሽ ቢልሽ እንቢ በይው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ማሙሽ አምስተኛ ክፍል ገባልሽ። እዚህ ሜሪላንድ ትምህርት ቤቱ ክሮምቡክ የምትባል ትንሽ ላፕቶፕ ይሰጣቸዋል፣ የቤት ሥራው በሷ፣ ፈተናው በሷ፣ ከአስተማሪው ጋር የሚጻጻፈው በሷ፣ ቦርሳው ውስጥ ደብተር ብትፈልጊ አታገኚም። እኔ ደስ አይለኝም፣ እጅ ጽሑፉ የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ማታ ማታ በወረቀት አስጽፈዋለሁ፣ እያለቀሰም ቢሆን ይጽፋል። ደስ የሚለው ነገር ሞንጎምሪ ካውንቲ ለወላጅ የሚልከውን ማስታወቂያ በአማርኛም ያወጣል፣ ኢሜሌን ስከፍት በኛ ፊደል ተጽፎ ሳየው መጀመሪያ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ።

ሚጣ ደግሞ በስልኬ አማርኛ መጻፍ ለምዳለች። በእንግሊዝኛ ፊደል ትነካካና አማርኛው ራሱ ይወጣላታል። አያቴ እንዴት ነበር የምትጽፈው ብላ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ሦስቱን ወረቀት ከነካርቦኑ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክለሽ ታይፑ ላይ ስታስገቢ፣ መጀመሪያ ፊደሉን መትተሽ ቅጥሉን ደግሞ ለብቻው ስትጨምሪለት፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ቃጭሏ ስትጮህ ቀና ሳትዪ በግራ እጅሽ ገፍተሽ ስትመልሺያት። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሦስቱንም ኮፒ መፋቅ ነውና አትሳሳቺም ነበር። ሚጣ አላመነችኝም፣ ዲሊት የለውም ወይ አለችኝ። በእረፍት ቀን ቢሮ ይዘሽኝ ስትሄጂ ከጠረጴዛው ስር ቁጭ ብዬ ድምፁን ስሰማ እንዴት እንደምኮራብሽ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ።

ከዛ ቢሮው ኮምፒውተር ገባ። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚችሉ ልጆች ቀጠሩ፣ ሥልጠናውን ለነሱ ሰጡ፣ አንቺን መዝገብ ቤት ላኩሽ። ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው ሁለት ወር ቢያሰለጥኑት ምን ይጎድልባቸው ነበር፣ እጅሽ እንደሆነ ከማንኛቸውም ይፈጥን ነበር፣ እስካሁን ያናድደኛል። ቤት መጥተሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽም፣ የነገረን አባባ ነው።

ግን እማ በዛው ሰሞን እኮ ነው የአቡሽን የኮምፒውተር ትምህርት ከፍለሽ የኔን እንቢ ያልሽው። እኩል ነበር የጠየቅንሽ፣ ያው ዊንዶውስ፣ ዎርድ፣ ኤክሴል የሚባለውን ቤዚክ። አቡሽን ቀበቶ ገዝተሽ ጭምር ላክሽው። እኔን "የሰው ደብዳቤ ስትመቺ ልትኖሪ ነው?" አልሽኝ፣ ፊትሽን ወደ ምጣዱ መለስሽ፣ አለቀ። እኔ ደብዳቤ ልመታ አልነበረም የፈለግሁት። ምን እንደፈለግሁም አልጠየቅሽኝም። ከምሳዬ እየቀነስኩ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልኩ ነው የለመድኩት፣ ዲቪውም እዛው ነው የተሞላው፣ ከ2003 እ.ኤ.አ ጀምሮ በፖስታ መላክ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ስለሆነ በዲቪ ሰሞን ወረፋው በር ድረስ ይደርስ ነበር፣ እኔ መሙላት ስለቻልኩ ባለቤቱ ሌላውንም ሰው እንድሞላለት ቁጭ አደረገኝ። እንዲህ ሆኖ ነው የመጣሁት። አሁንም ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ ነኝ፣ የሐኪም ቤት ሂሳብ ለኢንሹራንስ አስገባለሁ፣ ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ነው። አንቺን ያቆሰለሽ ነገር እኔን እንዳያቆስለኝ ብለሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፣ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ አይገባኝም፣ አቡሽን ለምን እንዳላሳዘነሽ አይገባኝም።

ይሄን ልጽፍልሽ አልነበረም የተቀመጥኩት።

የስልኩን ነገር አቡሽ ነግሮኛል። አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ጨቅጭቄ ያስወጣሁት። ከባንክ ነን ብለው ደውለው፣ አካውንትዎ ሊዘጋ ነው ብለው አስደንግጠውሽ፣ በሜሴጅ የመጣልሽን ቁጥር አነበብሽላቸው፣ ብሩም ሄደ። እማ ብሩን ተይው፣ እሱን እኔ እልካለሁ፣ እንደዚህ የተጭበረበረው ሰው ስንት ነው፣ የተማረውም፣ ነጋዴውም፣ እዚህ አሜሪካም አሮጊት ሽማግሌውን እያታለሉ ጨርሰውታል። በዛ አላዝንብሽም።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሰውዬው በማግስቱ መልሶ ሲደውል እንደ አዲስ አነጋገርሽው አለኝ አቡሽ። ያለፈው ቀን ጨርሶ ትዝ አላለሽም ነበር አለኝ። ለኔም የጎረቤታችንን ልጅ ሠርግ አንድ ቀን ጠዋትና ማታ ነገርሽኝ፣ በተመሳሳይ ቃል፣ እኔም ሁለቴ እንደ አዲስ ሰማሁሽ፣ ምን ልበልሽ። መዝገብ ቤት ሳለሽ የደብዳቤ ቁጥር ከነቀኑ በቃልሽ የምትጠሪ ሰው ነሽ። እኔ ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ፣ እስካሁን ስዞረው የነበረውም ይሄው ነው። እፈራለሁ እማ።

አሁን ስሚኝ። የስኳር መድኃኒትሽ ሜትፎርሚን ነው አይደል፣ እሱን ለረጅም ዓመት የወሰደ ሰው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ሊያንሰው ይችላል፣ እሱ ሲያንስ ደግሞ ማስታወስን ይነካል፣ እግርም ያደነዝዛል፣ እግሬ ደነዘዘኝ ስትዪኝ ከርመሻል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። የእንቅርትም ምርመራ አብረው ያዩልሽ። ሌላ ነገር ከሆነም ቀድሞ መታወቁ ይሻላል። መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ሐኪሙ ነው የሚወስነው። አቡሽን ፈቃድ ጠይቅ ብዬዋለሁ፣ አብሮሽ ይገባል፣ "ምንም አልሆንኩም" ብለሽ እንዳትመልሺው።

የባንኩን ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ጡረታሽ የሚገባበት አካውንት ከስልክ ይነጠል፣ እሱን በደብተር ብቻ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አውጡ። ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለካርድ የሚሆን ትንሽ ብር ብቻ ስልክሽ ላይ ይቀመጥ። የሚስጥር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ባንክ የለም፣ ማንም ቢደውል "ልጄን አነጋግሩ" ብለሽ ዝጊው፣ ነውር አይደለም። አቡሽ የማታውቂው ቁጥር እንዳይጠራብሽ አድርጎ ያስተካክልልሽ፣ የኔን ግን እንዳይዘጋው ንገሪው። ኢንተርኔት ቢጠፋም አትደንግጪ፣ ከ2012 ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ በቀጥታ መስመር እንደውል እንደነበረው እደውላለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያን የኮምፒውተሩን ትምህርት ለምን እንደከለከልሽኝ ንገሪኝ። ልወቅስሽ አይደለም። ካንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፣ ሌላ የሚነግረኝ ሰው የለም፣ አባባም የለ፣ እና ሳትረሺው ንገሪኝ። በቮይስ ከከበደሽ ጻፊውና አቡሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ፣ ልጆቹንም አስነስቼ አቀርብልሻለሁ። እስከዛ የሐኪሙን ቀጠሮ ያዙ፣ የምርመራው ወረቀት ሲወጣም ከነውጤቱ ሳይደበቅ ይላክልኝ፣ ጥሩም ቢሆን መጥፎም።

ልጅሽ