ልጄ፣ ጋጁዋካ ያለውን ቤት አትከራዪው

ልጄ እንደምን አለሽልኝ፣ ህንድ፣ ቪዛግ ከተማ በሰላም መግባትሽን እናትሽ ነገረችኝ ተመስገን። ትናንት በቴሌግራም የላክሽውን ድምጽ ሰማሁት፣ ጋጁዋካ አካባቢ ኪራዩ በጣም የቀነሰ ቤት አገኘሁ ያልሽውን፣ ለሱ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። አትከራዪው እናቴ። ከልጅነትሽ ጀምሮ አስም ያለብሽ ልጅ ነሽ፣ እኔ ደሞ ያቺን ከተማ ስለተማርኩባት አውቃታለሁ።

ሰው ስለ ቪሳካፓትናም፣ ማለት ስለ ቪዛግ ሲያወራ ባህሩን ነው የሚያወራው፣ ባህር ካለ አየሩ ንጹህ ነው ብሎ ያስባል። ግን የፋብሪካው ሰፈር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ በደቡብ የያራዳ ኮረብታ፣ በሰሜን የሲምሃቻላም ተራራ ከበውታል። መሃሉ ላይ ወደቡ አለ፣ ማልካፑራም የሚባለው ሰፈር ላይ በፈረንጆቹ ከ1957 ጀምሮ የሚሰራ የነዳጅ ማጣሪያ አለ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ አለ፣ ወደ ጋጁዋካ አለፍ ስትዪ ደሞ ትልቁ የብረት ፋብሪካ። ቀን ቀን ከባህር የሚነሳው ንፋስ የወደቡን አቧራ የሚገፋው ወደ ሰው ቤት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ይብሳል፣ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከስር ያለው አየር አብሮ ይቀዘቅዝና ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ጭሱ መሄጃ ያጣና ጠዋት ፀሐይ እስክትበረታ እዛው ይተኛል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ያጥበዋል፣ አሁን ሄደሽ ቤቱን ስታዪው አየሩ ጥሩ ቢመስልሽ በዛ እንዳትታለዪ።

ወደቡ ጎን አሮጌው ከተማ ውስጥ የሚኖር የክፍል ጓደኛ ነበረኝ፣ ድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን እዛ ነው የሚራገፈው፣ ነጭ ሸሚዙን አጥቦ ጣሪያ ላይ ያሰጣና ሊያወርደው ሲሄድ ጥቁር ብናኝ ለብሶ ያገኘዋል። ልብስ ይታጠባል፣ ሳንባ ግን አይታጠብም ልጄ። ደሞ በዓይን የሚታየው አቧራ ይሻላል፣ ፒኤም 2.5 የሚሉት ከፀጉር ውፍረት ሰላሳ እጥፍ ገደማ የሚያንሰው ደቃቅ ብናኝ ነው ሳንባ ድረስ ገብቶ ደም ውስጥ የሚደርሰው።

ሳሚር የሚባል የመንግስት አፕ አለ፣ የአየሩን ቁጥር በየቀኑ ያሳይሻል፣ አውርጂው። ግን በደንብ አንብቢው። የሚያወጣው የ24 ሰዓት አማካይ ነው፣ ጠዋት ላይ የነበረው ከባድ ሰዓት እዛ ውስጥ ይጠፋል፣ የሚለካውም ማሽኑ የቆመበትን ቦታ አየር እንጂ ያንቺን መስኮት አይደለም። ህንድ ለፒኤም 2.5 የምትፈቅደው የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 60 ማይክሮግራም ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደሞ 15 ነው የሚለው። ስለዚህ አፑ ላይ የአየር ጥራት ደረጃው (ይሄ ማይክሮግራም አይደለም) ከ51 እስከ 100 ያለው «አጥጋቢ» ተብሎ በአረንጓዴ ሲመጣ ለአስመኛ አጥጋቢ ነው ማለት አይደለም።

የ2020ውን ነገር ደሞ ታስታውሺዋለሽ? ሜይ 7፣ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ፣ በኮቪድ ተዘግቶ ከነበረው ከኤልጂ ፖሊመርስ ፋብሪካ ስታይሪን የሚባል ጋዝ አፈትልኮ ቬንካታፑራም የሚባል መንደር ሰው ተኝቶ እያለ ገባበት፣ 12 ሰው ሞተ፣ በመቶ የሚቆጠር ሆስፒታል ገባ። ሳይረን አልተነፋም ነበር፣ ይሄን ያለው መንግስት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ነው። እኔ እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል፣ አንድ ሳይረን ቢነፋ ስንት ሰው ነቅቶ ይሮጥ ነበር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፣ እና እንግዳ ሽታ ከሸተተሽ፣ ዓይንሽን ካቃጠለሽ፣ ማንንም ሳትጠብቂ ከንፋሱ በጎን በኩል ወጥተሽ ወደ ከፍታ ሂጂ።

እዛ የሚኖሩት ሰራተኞችና ዓሣ አጥማጆች ምርጫ ስለሌላቸው ነው ያንን አየር የሚተነፍሱት፣ ልጆቻቸው አብረው ይተነፍሱታል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። አንቺ ግን ምርጫ አለሽ።

ሌላ ደሞ፣ ጃንዋሪ ላይ ቦጊ የሚባል በዓላቸው አለ፣ ጎህ ሳይቀድ አሮጌ ዕቃ መንገድ ላይ ያቃጥላሉ፣ አንዳንዱ ጎማም ይጨምርበታል፣ የዛን ቀንና ርችት የሚተኩሱበት የዲዋሊ በዓል ማታ መስኮትሽን ዘግተሽ የአስም ፓፍሽን አጠገብሽ አድርጊ። ማስክ ከገዛሽ ኤን 95 ይሁን፣ የጨርቁ ለዚህ አይረባም። ከሐበሻ ልጆች ጋር ቡና ስታፈሉ ደሞ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ፣ እጣኑም ይቅርብሽ፣ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል።

እና ቤቱን ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ፈልጊ፣ ማዲላፓለም ወይም ኤምቪፒ ኮሎኒ፣ ከፋብሪካው ራቅ ያለ ነው፣ ለክፍልም ቅርብ ነው፣ ዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን ገባ ያለውን፣ ከተገኘ ላይኛውን ፎቅ። የኪራዩን ልዩነት እኔ እልካለሁ፣ እናትሽ ጋር ተነጋግረናል። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት የቤቱን ፎቶና አድራሻውን ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ ኔትወርክ ካለ እደውላለሁ።

አባትሽ