የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ 132 ሴንቲ ሜትር

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው። ዓለም ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ስትላቀቅ በማዕድኑና በማመንጫው የሚሠሩት ሰዎች፣ በእነሱ ደመወዝ የቆሙት ከተሞችስ ምን ይሆናሉ? ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ለወላጆች ቀን አጭር ድራማ እያዘጋጀን ነበር። ሚኒስትር፣ ሳይንቲስትና ጋዜጠኛ አሉበት። የከሰል ማመንጫው ይዘጋል፣ ይጨበጨባል፣ ያልቃል። በሁለተኛው ልምምድ የማዕድን ሠራተኛዋን የምትጫወተው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የካርቶን ሄልሜቷን እንዳጠለቀች እጇን አወጣች። "መምህር፣ እኔ የምናገረው መቼ ነው?" ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። ለእሷ አንድም ቃል አልተጻፈም። አይቼ ያጸደቅኩት እኔ ስለነበርኩ በጣም አዘንኩ። ድራማውን አቆምነውና ወደ ንባብ ገባን።

"ፍትሐዊ ሽግግር"፣ ማለትም ከከሰልና ከነዳጅ ሲወጣ ሠራተኛው ሜዳ ላይ እንዳይቀር የሚለው ሐሳብ፣ የመነጨው ከሠራተኛ ማኅበራት መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። አሜሪካዊው የነዳጅና የኬሚካል ሠራተኞች ማኅበር መሪ ቶኒ ማዞኪ፣ ለተመረዘ መሬት ማጽጃ ፈንድ ከተቋቋመ ለሠራተኛውም ሊቋቋምለት ይገባል ብሎ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የፓሪስ ስምምነትም ጉዳዩን በመግቢያው ጠቅሶታል።

ተማሪዎቹን ከሁሉ ይበልጥ የያዛቸው ግን ወረቀቱ ነው። "ይዘጋል" ከተባለበት ቀን እስከተዘጋበት ቀን ያለውን ጊዜ፣ አንዱን ወር በአንድ ሴንቲ ሜትር እየለኩ፣ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ጀርመን የጥልቅ ከሰል ማዕድን ድጎማን የሚያስቆመውን ሕግ ያወጣችው በታኅሣሥ 2007 ነው (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመጨረሻው ማዕድን፣ በቦትሮፕ ከተማ የሚገኘው ፕሮስፐር ሃኒየል፣ የተዘጋው በታኅሣሥ 2018 ነው። 132 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያ መሀል ዕድሜያቸው የገፋው ቀድመው ጡረታ ወጡ፣ ወጣቶቹ ሌላ ሥራ ተፈለገላቸው። የአውስትራሊያው ሄዝልውድ የከሰል ማመንጫ ግን እንደሚዘጋ የተነገረው በኅዳር 2016 መጀመሪያ፣ የተዘጋው በመጋቢት 2017 መጨረሻ ነው። 750 ገደማ ሠራተኞች፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ትንሿን ቁራጭ የለጠፈው ልጅ በአውራ ጣቱ ሸፈናት፤ ጠፋች።

እርግጥ ነገሩ በርዝመት ብቻ አይለካም። ለሄዝልውድ ሠራተኞች በኋላ አንድ ዘዴ ተበጅቶ ነበር፦ በአጎራባች ማመንጫዎች ያሉ አንጋፎች በፈቃዳቸው ቀድመው ጡረታ ይወጡና ቦታቸውን ለተፈናቀለው ይለቃሉ። እኔ ከዓመቱ ንባብ ሁሉ የማልረሳው ይህንን ነው። ስፔንም አብዛኞቹን የከሰል ማዕድኖቿን የዘጋችው ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር በጥቅምት 2018 ከተፈራረመች በኋላ በወራት ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው 48 የሞላ ወይም 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቀድሞ ጡረታ እንዲወጣ ተስማምተው ነበር። ወረቀቱ አጭር ነው፣ ሠራተኛው ግን ፊርማው ላይ አለበት። በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ተከራክረናል።

ክርክሩ ያላነሳው ነገርም ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ካሳውም ጡረታውም የሚደርሰው ፔሮል ላይ ስሙ ላለ ሰው መሆኑን አስተዋለች። ለሠራተኛው ምግብ የምታበስለው፣ ልብሱን የምታጥበው፣ ቤት የምታከራየው ስሟ የት ተጽፏል? ያን ዕለት ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል ከተደወለ በኋላም ማንም አልተነሣም።

ድራማው በዓመቱ መጨረሻ እንደ አዲስ ተጽፎ ቀርቧል። ሚኒስትሩ አሁንም አለ፤ የሚገባው ግን ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ የምትገባው ባለ ሄልሜቷ ናት፤ ቃሏንም ራሷ ጽፋዋለች። "የምትዘጉት መቼ እንደሆነ ዛሬ ንገሩኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት።"