ቀጥ ባለ በረዶ ላይ የሚያድነው ከመውደቅ በፊት ያለው እርምጃ ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልን። ቅዳሜና እሁድ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ከመናገሻ ወደ ወጨጫ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ከእነዚህ ተጓዦች ጥቂት የማይባሉት ቀጥለው የሚያስቡት ኪሊማንጃሮን፣ የኬንያ ተራራን ወይም የኡጋንዳውን ርዌንዞሪ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ተራራ ወጪዎችን የምናሰለጥን ሰዎች ስለሆንን ይህ ያስደስተናል። የሚያሳስበን ሌላ ነው። የጉዞ ማስታወቂያዎች ስለ ከፍታ ሕመም፣ ስለ ብርድና ስለ ሙቅ ልብስ በሰፊው ይጽፋሉ፤ ቀጥ ባለ በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት ግን አንድ መስመር የሚያወጣ ብዙም የለም።

እንጦጦ ሳንባና ጭን ያጠነክራል። ከ3,000 ሜትር በላይ መመላለስ ለማንኛውም ተራራ ወጪ ትልቅ ስንቅ ነው። እግር በረዶ ላይ እንዴት እንደሚቆም ግን እንጦጦ አያስተምርም፤ ራስ ዳሽን ላይ የሚጥለው በረዶም ብዙ ሳይቆይ ስለሚቀልጥ አገር ውስጥ ይህን የሚያስተምር ቦታ የለንም። ጉልበቱ የጠነከረ ሰው ደግሞ ደካማው ከሚደርስበት ከፍ ብሎ ስለሚደርስ፣ ሳይለማመድ አደገኛው ተዳፋት ላይ የሚገኘው እሱ ነው።

የአደጋው ምንጭ ፍጥነት ነው። ተዳፋቱ 35 ዲግሪ ነው እንበል፤ ከተለመደ የቤት ደረጃ ብዙም የራቀ አይደለም። ሌሊት በጠጠረ በረዶ ላይ የዝናብ ሱሪ የለበሰ ሰው ቢወድቅ፣ ሰበቃውን አንድ አስረኛ አድርገን ስናሰላ፣ አንድ ሰከንድ ሲሞላ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሲሞላ 35፣ ሦስት ሲሞላ 52 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ይደርሳል። በእነዚህ ሦስት ሰከንዶች ከ20 ሜትር በላይ ወርዷል። በዚህ ፍጥነት ላይ በእጅ መቧጠጥ ጓንት ከመቅደድ አያልፍም። ስለዚህ ራስን ማቆም የሚቻለው በመጀመሪያው ሰከንድ፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ነው። ቆም ብሎ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ እጅ አስቀድሞ የለመደውን ብቻ ይሠራል።

ከዚህ የተነሳ ማንኛውንም ተዳፋት ከመርገጥ በፊት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ማየት ያስፈልጋል። ብወድቅ የምቆመው የት ነው? ተዳፋቱ ቀስ እያለ ወደ ለጥ ያለ በረዶ የሚያልቅ ከሆነ 50 ሜትር ተንሸራትቶም በሰላም መነሳት ይቻላል። የሚያልቀው ዓለት፣ ገደል ወይም የበረዶ ግግር ስንጥቅ ላይ ከሆነ 10 ሜትርም ይገድላል። ዘንበል ማለቱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ መለማመጃ፣ ሌላው መመለሻ የሚሆነው በዚህ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ የት ያጋጥማል? ርዌንዞሪ ላይ ወደ ማርገሪታ ጫፍ (5,109 ሜትር) የሚወስደው መንገድ የበረዶ ግግር ስለሚያቋርጥ ክራምፖን (ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት)፣ የበረዶ ዶማና ገመድ ግድ ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ በተለመዱት መንገዶች በደረቅ ወቅት ዶማ አያስፈልግም። አዲስ በረዶ ከጣለ በኋላ ግን ከጊልማንስ ፖይንት (5,685 ሜትር) በስቴላ ፖይንት በኩል ወደ ኡሁሩ ጫፍ (5,895 ሜትር) የሚሄደው የገሞራው ጠርዝ፣ በብዙ እግር ተረግጦ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይሆናል። በኬንያ ተራራ ወደ ሌናና ጫፍ (4,985 ሜትር) ሲቃረቡም እንዲሁ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ስለሚወርድ እግርም አእምሮም ይዘገያል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ተራራ ወጪዎች እኩለ ሌሊት ተነስተው ንጋት ላይ ጫፍ ይደርሳሉ፤ በዚያን ጊዜ በረዶው ድንጋይ ነው። ሲመለሱ ፀሐይ ላዩን አለስልሳዋለች፣ ጥላ ያለበት ግን እንደጠጠረ ነው፤ ለስላሳውን እየለመደ የመጣ እግር ጥላው ውስጥ ሲገባ ያመልጣል። ደክሞ የሚወርድ ሰው በመሆኑ መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሁን ስለ ዶማው። የበረዶ ዶማ የላይኛው ብረት፣ ማለትም ራሱ፣ በአንድ በኩል ሹል ምንቃር፣ በሌላው ሰፊ ምላስ አለው፤ ከእጀታው ግርጌ ደግሞ ሹል ብረት አለ። ራሱን ይዛችሁ እጃችሁን ወደ ታች ስትለቁ ግርጌው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ከደረሰ ልኩ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ከ55 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያ ሥራው ሲወድቁ ማቆም ሳይሆን መውደቅን መከልከል ነው። ሁልጊዜ በላይኛው፣ ማለትም በተዳፋቱ በኩል ባለው እጅ ይያዛል። እግር ከመነሳቱ በፊት እጀታው በረዶው ውስጥ በደንብ ይሰካል፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና ይሰካል። እግር ቢያመልጥ ያንኑ የተሰካውን እጀታ ከበረዶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ መጨበጥ ነው፤ ከላይ ከራሱ ብትጎትቱት ተገርስሶ ይወጣል። ዚግዛግ ስትሠሩ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር እጅም ይለወጣል፤ ጀማሪዎች ሲደክሙ መጀመሪያ የሚተዉት ይህን ነው። የጉዞ ዱላ ለሜዳ መንገድ ጥሩ ነው፣ ቀጥ ባለ በረዶ ላይ ግን ዶማን አይተካም።

ከወደቃችሁስ? አንድ እጅ የዶማውን ራስ ይጨብጣል፤ አውራ ጣት ከምላሱ ሥር፣ ሌሎቹ ጣቶች በምንቃሩ ላይ። ሌላው እጅ እጀታውን ከግርጌው ሹል አጠገብ ይይዛል፤ ካልያዘ ሹሉ ጭን ይወጋል። እጀታው ደረትን በሰያፍ ያቋርጣል፣ ምላሱ በአንገትና በትከሻ መካከል ካለው ጎድጓዳ ቦታ ይገባል፣ ምንቃሩ ከትከሻ ትንሽ ከፍ ብሎ በረዶው ላይ ያርፋል። ከዚያ በደረት ተኝቶ የሰውነትን ክብደት ሁሉ በላዩ መጫን ነው። ምንቃሩን በአንድ ጊዜ አትምቱት፤ ሲነክስ ዶማው ከእጅ ይነጠቃል። እየጨመራችሁ ተጫኑት። እግር ይከፈታል፣ ጉልበትና የጫማ ጫፍ በረዶውን ይፋቅ። ክራምፖን ካደረጋችሁ ግን እግራችሁን ከጉልበት አጥፋችሁ ወደ ላይ አንሱ፤ የክራምፖኑ ጥርስ በፍጥነት ላይ በረዶ ከያዘ ሰውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፣ ቁርጭምጭሚትም ይሰብራል።

በጀርባ ከወደቃችሁ የምትገላበጡት የዶማው ራስ ወዳለበት ጎን ነው፤ በሌላው ጎን ከዞራችሁ ግርጌው ሹል በረዶ ይነክስና ዶማውን ያጣምማል። በደረት ሆናችሁ በጭንቅላት ወደ ታች የምትንሸራተቱ ከሆነ ምንቃሩን ወደ አንድ ጎን ዘርግታችሁ ስትተክሉት ሰውነት በዙሪያው ይሽከረከርና እግር ወደ ታች ይመጣል። በጀርባና በጭንቅላት ወደ ታች ከሆነ ዶማውን በወገብ ጎን ትከሉና ወደ እሱ ተገልበጡ። ይህ አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ዶማ ከእጅ ከጠፋ የሚቀረው በእጅና በጫማ ጫፍ ገፍቶ ደረትን ከበረዶው ማንሳት ነው፤ ለስላሳ በረዶ ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ጠጣር ላይ ግን ተስፋ አይጣልበትም።

ክራምፖን ሲያደርጉ የሚወድቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት በራሳቸው እግር ነው፤ የአንዱ ጥርስ የሌላውን ሱሪ ወይም ማሰሪያ ይይዛል። እግርን ትንሽ አራርቆ መራመድ፣ ሰፊ ሱሪን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ርጥብ በረዶ ከሥሩ ተጋግሮ ጥርሱን ይሸፍናል፤ በየጥቂት እርምጃው በዶማው እጀታ ጎን መታ መታ ይደረጋል። ለስላሳ የስፖርት ጫማ ላይ የታሰረ ክራምፖን ጫማው ሲታጠፍ ይወልቃል። በኪሊማንጃሮ ሥር ባለችው የታንዛኒያ ከተማ በሞሺ የሚከራይ ካለ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከጫማችሁ ጋር አስራችሁ፣ እግር አንስታችሁ አራግፉት። ክራምፖን አድርጎ በቂጥ መንሸራተትም ፈጽሞ አይደረግም።

ክራምፖን ሳይኖር ለመውጣት በረዶው ጫማውን የሚያስገባ መሆን አለበት፤ በጫማው ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መትቶ ቢያንስ ግማሽ ሶል የሚይዝ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ደረጃ ይሠራል። ሲወርዱ ተረከዝ ይቀድማል፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ ሰውነት ወደ ፊት ያደላል። ፈርቶ ወደ ኋላ የሚያጋድል ሰው ተረከዙ ይነሳና ይወድቃል።

ገመድ ብዙዎችን ያሳስታል። በበረዶ ውስጥ በተተከለ ነገር ያልተያዘ፣ ሰውን ከሰው ብቻ የሚያስር ገመድ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ የአንዱን ውድቀት የሁሉም ያደርገዋል። በ1994 ዓ.ም. ግንቦት (በአውሮፓ አቆጣጠር 2002) በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ማውንት ሁድ ላይ ከላይ የነበሩ በገመድ የተሳሰሩ ሰዎች ወድቀው ከታች ያሉትን ጠረጉ፤ 9 ሰዎች ስንጥቅ ውስጥ ገቡ፣ 3ቱ ሞቱ። ግግር ላይ ገመድ የሚያስፈልገው በተደበቀ ስንጥቅ ምክንያት ነው፤ ቀጥ ያለው ላይ ግን መሪው ገመዱን የሚይዝ መልህቅ ካልተከለ በገመድ መታሰር ደኅንነት አይደለም።

እዚህ በዳርቻው ምን መለማመድ ይቻላል? የእጁን ሥራ። ከባሕር ዛፍ 60 ሴንቲ ሜትር እጀታና 25 ሴንቲ ሜትር ያህል አግድም እንጨት ያለው፣ ጫፎቹ የተድበለበሉ የእንጨት ዶማ ይሠራ፤ እውነተኛው ብረት በጀማሪ እጅ ፊት ይቆርጣል። በነሐሴ፣ ሣሩ ሲርስ፣ በሱሉልታ በኩል ካሉት ሣራማ ተዳፋቶች አጭርና ከሥሩ ሜዳ የሆነ ይመረጥ፤ 10 ሜትር ይበቃል። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶና ድንጋይ አለመኖሩ በእግር ተረግጦ ይጣራ። የዝናብ ሱሪ፣ ጓንትና ሄልሜት ይደረግ። በደረት፣ ከዚያ በጀርባ፤ በቀኝም በግራም እጅ። በጭንቅላት ወደ ታች የሚደረገው አሠልጣኝ እግር ይዞ ቀስ ብሎ ሲለቅ ብቻ ነው። ሣር በረዶ እንዴት እንደሚነክስ አያስተምርም፣ ወዴት መገልበጥ እንዳለባችሁ ግን ያስተምራል። ስለዚህ ተራራው ሥር ስትደርሱ ከመውጣት በፊት ግማሽ ቀን በእውነተኛ በረዶና በእውነተኛ ዶማ መድገም የግድ ነው።

ሰው ወድቆ ከቆመ በኋላ በቀጥታ ከበላዩ አትውረዱ፤ የምትለቁት በረዶና ድንጋይ በእሱ ላይ ይወርዳል። ከጎን ቅረቡ፣ መጀመሪያ ራሳችሁን አስተማምኑ፣ እሱን ካለበት እንዳይንሸራተት ያዙት፣ ከዚያ መድማቱንና ጭንቅላቱን እዩ። ከሥሩ ቦርሳና ፍራሽ አንጥፉ፤ ሙቀት ቶሎ የሚወጣው ወደ በረዶው ነው። የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ 6 የፉጨት ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝምታ ነው፤ መልሱ በደቂቃ 3 ነው።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የተራራ ጉዞ ማስታወቂያ ስታትሙ የጉዞውን አዘጋጅ ሦስት ነገር እንዲጽፍ ጠይቁልን፦ መንገዱ ክራምፖንና ዶማ ይፈልግ እንደሆነ፣ ከመውጣቱ በፊት ልምምዱ የትና ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ጫፍ ባይደረስም ቡድኑ የሚመለስበት ሰዓት ስንት እንደሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
በእንጦጦና በሱሉልታ ተራራ ወጪዎችን የምናሰለጥን ባልደረቦች