ለጤና ሚኒስቴር፦ ስለ ወር አበባ ሽታ ለልጆቻችን ማን ይንገራቸው?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር፣

የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ወረፋው እስኪያልቅ ጥግ ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች አሉ። ሰው ሲቀንስ ጠጋ ይሉና በሹክሹክታ «ሽታ የሚያጠፋ ነገር አለ?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ውስጣቸውን በሳሙና፣ በሎሚ፣ አንዳንዴም በዴቶል ታጥበው የመጡ አጋጥመውኛል።

ሽታ ያለው መታጠቢያ ሸጬ ልሸኛቸው እችላለሁ፤ ትርፍም አለው። ግን ይጎዳቸዋል። ብልት ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ ይጠብቁታል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ብዙ ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ነው። የደም ፒኤች ደግሞ 7.4 አካባቢ ነው። በወር አበባ ሰሞን ሚዛኑ ትንሽ የሚናጋው ለዚህ ነው። ሳሙና ሲጨመርበት ይብሳል።

ፔሬድ ላይ ብረት ብረት የሚል ቀላል ሽታ ጤናማ ነው። ሞዴስ ሲቆይ ይከረፋል፤ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር፣ ውጪውን ብቻ በውኃ መታጠብ ይበቃል። ጨርቅ የምትጠቀመው ደግሞ በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ ማስጣት አለባት። ይሉኝታው ግን ጨርቁን አልጋ ሥር ያስደብቃታል።

የዓሣ ዓይነት ሽታ ከግራጫ ቀጭን ፈሳሽ ጋር ከመጣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት) ሊሆን ይችላል። የንጽህና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ አረፋማ ፈሳሽ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈውን ትሪኮሞናስን ያስጠረጥራል፤ ያኔ የፍቅር ጓደኛዋም አብሮ መታከም አለበት። አይብ የመሰለ ነጭ ፈሳሽና ማሳከክ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ እሱ እምብዛም አይሸትም። ሦስቱም መድኃኒታቸው ስለሚለያይ በግምት አይሸጥም። ትኩሳትና የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይባል ጤና ጣቢያ ነው።

ይህን ማስተማር ይከብዳል አትበሉን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችሁ ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት አስተምረዋል። ይህም ትምህርታቸው ውስጥ በግልጽ ይግባ። ትምህርት ቤቶችም ውኃና የሚዘጋ በር ያለው የሴቶች መጸዳጃ እንዲኖራቸው ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ እንደምንም ደፍራ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ሰው ፊት «አግብተሻል?» ተብላ ተሸማቃ የምትመለስበት ጊዜ አለ። ባለሙያዎቻችሁ መጀመሪያ በሩን ይዝጉላት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ፋርማሲስት