ጀልባው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ማዕበል

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ

ክቡር አስተዳዳሪ፣

ይህንን የምጽፍልዎ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሌሊት ከደሴ ተነሥቼ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እጓዝና ሎጎ ሐይቅ ላይ መንጠቆ እጥላለሁ። ዓሳ ሸጬ አላውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጄን ስለምመለስ ባለቤቴ ምሳ የምትሠራው እኔን ሳትጠብቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማማርረው በራሴ ወገን፣ ማለትም ለመዝናናት ጀልባ ይዘው በሚያጠምዱ ሰዎች ላይ መሆኑን አስቀድመው ይወቁልኝ።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከአንድ አዛውንት ዓሳ አጥማጅ ጋር በባለመቅዘፊያ ጀልባቸው ወጣሁ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ማታ የዘረጉትን መረብ ሊያነሡ ነበር። ውሃው እንደ ታሰሰ ምጣድ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ጋሼ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆመው መረቡን በክንድ በክንድ እየሳቡ፣ የተያዘውን ቆሮሶ ዓሳ በአውራ ጣታቸው ከጉንጩ ገፋ አድርገው ከክሩ እያላቀቁ ወደ ማዳበሪያው ከረጢት ይጥላሉ። ግማሹን እንኳ አላነሡም ነበር፣ ከሐይቅ ከተማ በኩል ሞተር ተሰማ።

አምስት ወጣቶች ነበሩ፤ ዘንጎቻቸው ከኋላ ተደግነዋል፣ ሙዚቃ ከፍተዋል። ከእኛ ጀልባ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት አለፉ። አንዱ እጁን አውለብልቦ «እንዴት አደራችሁ!» አለን። ሰላምታ አልነፈጉንም፤ ይህንን አልክድም። ጋሼም «ደህና» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን የሚመጣውን ስላወቁ መረቡን ለቅቀው ከጀልባው ወለል ላይ ዘፍ አሉና «ቁጭ ይበሉ መምህር!» ብለው ጮኹ። የመጀመሪያው ማዕበል አነሣን። ሁለተኛው በጎን ገባ። ሦስተኛው ደግሞ መጽሐፌን፣ የሻይ ፔርሙዜንና በሁለት ወር ጡረታዬ የገዛሁትን የማጥመጃ ዘንግ ይዞ ሄደ። ቀና ስል ወጣቶቹ ዝንብ አክለው ይታያሉ። መረቡ ከጀልባችን ሥር ገብቶ ተጠላልፏል፣ ተንሳፋፊ ሆነው ያገለግሉ የነበሩት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተበትነዋል።

ጋሼ አልተራገሙም። የተቆረጠ ጀሪካን አንሥተው ውሃውን መቅዳት ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው «አላዩንም ማለት አይቻልም፣ አይተውናል» አሉ። «ያላዩት ከኋላቸው ያለውን ውሃ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ የደብዳቤዬ ነገር በሙሉ እዚህች ላይ ነው። መኪና ሰው ሲገጭ ሾፌሩ ያውቃል። ጀልባ ግን የሚጎዳው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሾፌሩ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ ሳቅና ሙዚቃ ውስጥ ሆኖ፣ ምን ጥሎ እንደ ሄደ ሳያውቅ ይደርሳል። በክፋት አይደለም። ስለዚህ «ጨዋ ሁኑ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ጨዋ ልጆችማ ነበሩ፤ ሰላም ብለውናል።

ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። ሰው ያከበረ መስሎት ትንሽ ፍጥነት የሚቀንስ ሾፌር ብዙ ጊዜ የባሰ ማዕበል ያስነሣል። ባለሞተር ጀልባ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ውሃው ላይ ወጥቶ ይንሸራተታል፤ በጣም ቀስ ሲል ደግሞ ውሃውን ብዙም አይገፋም። በመካከሉ፣ አፍንጫው ሽቅብ ተነሥቶ ጭራው ሲሰምጥ፣ ትልቁን ማዕበል የሚወልደው ያኔ ነው። እናም አጠገባችን ሲደርስ ነዳጅ የሚቀንስ ሰው ትልቁን ማዕበል ልክ ከጎናችን ያራግፈዋል። መቀነስ ካለበት ከመቶ ሜትር ርቆ፣ የሰው እርምጃ እስኪያክል ድረስ መሆን አለበት። በሰሞኑ ንዴቴ ይህንን ለአንድ ጀልባ አከራይ ባስረዳው «እኛ እስካሁን የምናስተምረው ሞተር ማስነሣትና ማጥፋት ብቻ ነው» አለኝ። ሐቀኝነቱን ወድጄለታለሁ።

ጉዳቱ በጋሼ መረብ አያበቃም። ቆሮሶ ከጥንት ጀምሮ የዚህ ውሃ ዓሳ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው የተጨመረው። ዛሬ ግን የሐይቁ ዳር ብዙ ቤተሰብ ከእሱ ይኖራል። ወንዱ ከዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መሬቱን በአፉ ጭሮ እንደ ሳህን ያለ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትይዘዋለች፣ ልጆቿ እስኪጠነክሩም አፏ ውስጥ ትጠብቃቸዋለች። ከባለሞተሮቹ ብዙዎቹ ደግሞ ለፎቶግራፍ የሚወዱት ይህንኑ ዳር ነው፤ ሸምበቆውን እየታከኩ ሲያልፉ ጎጆው በደለል ይሸፈናል። ከዚያ «ዓሳው ጠፋ» እየተባለ መረብ ይወቀሳል። መረብም በበኩሉ ጥፋት አለበት፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን አውቃለሁ። ያ ግን የሌላ ደብዳቤ ጉዳይ ነው።

ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ ጥልቁ ከ80 ሜትር ይበልጣል፣ በላዩ የሚወጣ ወንዝም የለውም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ውሃ ይገባለታል እንጂ አይወጣለትም። ከሞተር የሚንጠባጠብ ዘይት እዚያው ይቀመጣል ማለት ነው፤ የሰመጠ ሰውም ጥልቁ ላይ በቀላሉ አይገኝም። የሕይወት አድን ጃኬት ያደረገ ተዝናኚ ግን ባለፈው ዓመት በጣቶቼ ቆጥሬ ጣት ተርፎኛል። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ሲደርስ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሻገረው ሰው ብዛት ሲታሰበኝ ይጨንቀኛል።

ሽማግሌዎች ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚያወሩትን ሳይሰሙ አይቀሩም። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፣ እግዚአብሔር ተቆጣና አካባቢውን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረ ይላሉ፤ ገዳሙ ያለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው ውሃ ላይ ባለጉልበቱ ባለመቅዘፊያውን ማወኩ፣ ለእኔ ለአስተማሪው፣ ትንሽ ይከብዳል።

አቤት ለማለት ሦስት ቢሮ ዞሬአለሁ፤ ስማቸውን መጥራት አልፈልግም። አንደኛው «እኛ ዓሳውን እንጂ ጀልባውን አናውቅም» አለኝ። ሁለተኛው ጉዳዩ የትራንስፖርት ነው አለ። ሦስተኛው ትራንስፖርት ማለት አስፋልት ላይ ያለ ነው ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ሕግ ጠፍቶ አይደለም፤ ስለ ዓሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የባሕር መርከቦች ደግሞ እንዳይጋጩ በ1972 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት ደንብ አለ፦ ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ ቀድሞ የሚያልፍ ከሚቀደመው ይርቃል፤ ባለሞተር ዓሳ በማጥመድ ላይ ላለ መንገድ ይለቃል። ሐይቃችን ባሕር ስላልሆነ ያ ደንብ አይገዛንም ይሉኝ ይሆናል። መልካም። ግን የወሎ ገበሬ ይህንን ከመርከበኛ አልተማረም፤ የሚያርስ ሰው አጠገብ ሲያልፍ «አላህ ያበርታህ» ብሎ፣ የተዘራውን ሳይረግጥ በድንበሩ ዞሮ ይሄዳል። የተዘረጋ መረብም የተዘራ ማሳ ነው፤ ልዩነቱ ቡቃያው አለመታየቱ ነው።

ስለዚህ ከጽሕፈት ቤትዎ የምለምነው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ ባለሞተር ጀልባ በሁለቱም ጎኑ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥር ይጻፍበት። አምስቱን ወጣቶች ዛሬም ባገኛቸው አላውቃቸውም፤ ጀልባቸው ነጭ ነበረች፣ ነጭ ጀልባ ደግሞ ሞልቷል። ከዳር፣ ከገዳሙ ዙሪያና መረብ ከተዘረጋበት ቦታ መቶ ሜትር ሲቀር ሞተር ወደ ዝቅተኛው ይውረድ፤ ወሰኑንም በቀይ ጀሪካን ማመልከት ይቻላል። ጠጥቶ መንዳት መኪና ላይ የሚያስቀጣ ከሆነ እዚህም ያስቀጣ። አከራዮች ሞተሩ ከሾፌሩ ክንድ ጋር በገመድ የሚታሰርበትን መቆለፊያ ያለ ምክንያት እንዳያወልቁ ይታዘዙ፤ ሾፌሩ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋው ያ ገመድ ነው፤ አብዛኞቹ ጀልባዎች ላይ ግን አሁን ገመዱ ክንድ ላይ መታሰሩ ቀርቶ የቁልፍ ማንጠልጠያ ሆኗል።

ከቅጣት በፊት ግን ሰዎቹን ያገናኙልን። ደም በአበጋር፣ በአስታራቂ ሽማግሌ፣ የሚደርቅበት አገር ውስጥ እያለን፣ ባለመረቡና ባለዘንጉ፣ አከራዩና የገዳሙ አባቶች አንድ ዋርካ ሥር ቡና ጠጥተው አያውቁም። እኔም እመጣለሁ፤ የራሴንም ጥፋት እናገራለሁ። ከዓመታት በፊት በተከራየሁት ሞተር ስንቱን መረብ ተሻግሬ እንደ ሄድሁ አላውቅም፣ ዞሬ አላየሁማ።

ጋሼ መረቡን በሁለት ሳምንት ጠገኑት። በመጪው ቅዳሜ በ11 ሰዓት ሌሊት ከተለመደው ቦታ እንነሣለን፤ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለናል። መቅዘፊያው ሁለት ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬት ግን አንድ ብቻ ስላለን የራስዎን ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደሴ፣ ጡረተኛ መምህር